ንቁ ሕልም ለማየት ስል ያጣሁት እንቅልፍ፣ እንዴትስ እንደመለስኩት

ይህን የምጽፈው ንቁ ሕልም ወይም ሉሲድ ድሪሚንግ የሚባለውን ነገር ሰምታችሁ ልትሞክሩት ላሰባችሁ፣ ወይም ጀምራችሁት ጠዋት ጠዋት ከአልጋ መነሳት ለከበዳችሁ ነው። እኔ ከጀመርኩት ዓመት አልፎታል። መሃል ላይ ከእንቅልፌም፣ ከሥራዬም፣ ከቤቴም ሰው ጋር አኳርፎኝ ነበር። ዛሬ እንቅልፌ ተመልሷል፤ ሕልሙንም አልተውኩትም። ሁለቱ አብረው መኖር ይችላሉ። የሚጣሉት እንዴት ሲያዙ እንደሆነ ነው ልነግራችሁ የምፈልገው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ ንቁ ሕልም እያለማችሁ «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ብላችሁ የምታውቁበት ሕልም ነው። አንዳንዴ ካወቃችሁ በኋላ ወደፈለጋችሁት ትመሩታላችሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ማወቁ ብቻ ይኖርና ሕልሙ በራሱ መንገድ ይሄዳል። ተረት አይደለም። በ1975 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ እንግሊዝ አገር በሚገኘው ሃል ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ሰው ተኝቶ እያለመ አስቀድመው በተስማሙት መሠረት ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ ምልክት ሲሰጥ በመሣሪያ መዝግቧል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስቲቨን ላበርዥ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ አሳየ። በ2016 የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የጨመቀ ትንተና ደግሞ 55 በመቶ ያህሉ ሰው በሕይወቱ ቢያንስ አንዴ እንዲህ ያለ ሕልም እንዳየ፣ 23 በመቶው በወር አንዴ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚያይ ገምቷል። ስለዚህ የተለየ ተሰጥኦ አይጠይቅም። ጣጣው የሚጀምረው ሲመጣ ይምጣ ማለት ቀርቶ ዛሬ ሌሊት ካልመጣ ሲባል ነው።

የእኔ አጀማመር ሰላማዊ ነበር። ቀን ቀን «አሁን እያለምኩ ይሆን?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ከዚያ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ጥርቅም አድርጌ ይዤ ለመተንፈስ እሞክራለሁ። በውን አየር አይገባም። በሕልም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገባል፣ ምክንያቱም የሕልሙ አፍንጫ ቢዘጋም የተኛው ሰው አፍንጫ አልተዘጋም። ሌላው መፈተሻ ጽሑፍ ነው፦ አንድ መስመር አንብቡ፣ ዓይናችሁን አንሱ፣ ደግማችሁ አንብቡት። በሕልም ውስጥ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ባለበት አይቆይም። ማታ ደግሞ ከራስጌዬ ደብተር አስቀምጬ ጠዋት የማስታውሰውን ሕልም እጽፋለሁ። ከዚያ በፊት ሕልም የማያይ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ አያለሁ፣ ግን እረሳዋለሁ። ደብተሩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሞላ። በዚህ ጊዜ እንቅልፌ ላይ የደረሰ ምንም ነገር የለም። እንዲያውም ቶሎ የመተኛት ጉጉት አድሮብኝ ስለነበር ከወትሮው በተሻለ ሰዓት ነበር አልጋ የምይዘው።

የመጀመሪያው ሕልም የመጣው በዚሁ ወቅት ነው፣ ያለ ምንም አላርም፣ ወደ ማለዳው ላይ። ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነኝ፤ በሮቹ ሁሉ አንድ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። እጄ ከልማድ ብዛት ወደ አፍንጫዬ ሄደ። ያዝኩት፤ አየሩ ግን ዝም ብሎ ገባ። ቀዝቃዛና ጥርት ያለ አየር ነበር፣ እስካሁን አልረሳውም። «ሕልም ነው!» ብዬ ስጮህ ደስታው በረታብኝና ነቃሁ። በጀማሪ ላይ የሚደርስ ነገር ነው፤ ስሜት ሲግል እንቅልፉ ይበተናል። ያን ቀን በሥራ ቦታ ከማንም በላይ ቀልጣፋ ነበርኩ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እኔ ግን ያኔ ልብ አላልኳትም።

ከዚያ በኋላ ጎመጀሁ። አንዴ ከመጣ በየሌሊቱ ለምን አይመጣም? ባነበብኩት ሁሉ የሚመከረው በጣም አስተማማኝ ዘዴ ሌሊት ነቅቶ እንደገና መተኛት ነበር። አመክንዮው ትክክል ነው። እንቅልፋችን በግምት 90 ደቂቃ በሚፈጁ ዙሮች ይሄዳል። በሌሊቱ መጀመሪያ ሰዓታት ጥልቁ እንቅልፍ ይበዛል፤ ሕልም የሚደምቅበት ሬም የሚባለው ክፍል ደግሞ ወደ ንጋቱ እየረዘመ ይመጣል። ስለዚህ አምስት ሰዓት ያህል ከተኙ በኋላ ተነስቶ፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ነቅቶ ቆይቶ፣ «በሚቀጥለው ሕልሜ እያለምኩ መሆኔን አውቃለሁ» እያሉ ተመልሶ መተኛት ቀጥታ ወደ ሬም ደጃፍ ያደርሳል። ይህ «አውቃለሁ» እያሉ ሐሳብን የማስያዝ ዘዴ የላበርዥ ነው፤ ማይልድ ይሉታል።

እኔም ከምሽቱ 5 ሰዓት እተኛና አላርሙን ለሌሊቱ 10 ሰዓት እሞላለሁ። በየቀኑ። የሥራ ቀን፣ የዕረፍት ቀን ብዬ አልለየሁም። ጠዋት 1 ሰዓት መነሳት እንዳለብኝም አልተለወጠም። ስልኩ ከትራሴ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቴ እንዳትነቃ ቶሎ አጠፋውና ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቼ በስክሪኑ ብርሃን ስለ ንቁ ሕልም አነባለሁ። የነቃሁት በሕልም መሃል ከሆነ ደግሞ ሁለት ገጽ ሙሉ እጽፋለሁ። ያን ጊዜ የጻፍኩትን ዛሬ ስገልጠው መስመር በመስመር ላይ ወጥቶ፣ ግማሹ የማይነበብ ነው። ከዚያ መብራቱን አጥፍቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ። አንዳንዴ በደቂቃዎች ይወስደኛል። ብዙውን ጊዜ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር አስፋልቱ ላይ መኪና መመላለስ ይጀምራል።

ሕልሙስ? መጣ። በዛልኝ። ለዚህም ነው ቶሎ ያልነቃሁበት፤ የሚጎዳኝ ነገር የምፈልገውን ይሰጠኝ ነበር። በረርኩ፣ ከሞቱ ዘመዶቼ ጋር ተጨዋወትኩ፣ የማላውቀው ባሕር ዳር ተቀመጥኩ። በአንጻሩ ቀኔ ተበላሸ። ከሰዓት በኋላ አንድን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አነባለሁ። በትንሽ በትልቁ እቆጣለሁ። አንድ ቀን መኪና እየነዳሁ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ዓይኔ ተከደነና ከኋላ በክላክስ ነው የተቀሰቀስኩት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ስሙኝ፦ የምትነዱ ወይም ከማሽን ጋር የምትሠሩ ከሆነ፣ ማንኛውም ሌሊትን የሚሰብር ልምምድ ከዚህ ጋር አይሄድም። ይህ ምክር ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው።

በዚህ ላይ ነቅቶ እያሉ በቀጥታ ወደ ሕልም ለመግባት የሚሞከርበትን ዘዴ ጨመርኩበት። አእምሮ ነቅቶ አካል ብቻ እንዲተኛ መጠበቅ ማለት ነው። የጠበቀኝ ዱካክ ነበር። ሬም እንቅልፍ ላይ አንጎል ጡንቻዎቻችንን ያስራል፤ ሕልማችንን በአካል እንዳንተውን የተሠራ ጥበቃ ነው። ይህ እስር ሳይፈታ አእምሮ ከነቃ ግን ሰው ዓይኑ ተገልጦ አካሉ ታስሮ ይገኛል፣ ደረቱ ላይ የተጫነ ነገር ያለ ይመስለዋል፣ ጥላም ያያል። እኔ ከበሩ አጠገብ የቆመ ሰው ነበር የማየው። በራሱ ጉዳት የለውም፤ በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቃል። ቢገጥማችሁ አትታገሉት፤ ትንፋሻችሁን ዝግ አድርጉና የእግር ጣታችሁን ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። የከፋው ግን ዱካኩ አይደለም፣ በማግስቱ አልጋውን መፍራት ነው። አልጋውን የሚፈራ ሰው ደግሞ ምን ዓይነት ዘዴ ቢጠቀም አያርፍም።

በዚህ ሁሉ መሃል ለድካሜ የሰጠሁት ማብራሪያ አንድ ነበር፦ «በሕልሜ ነቅቼ ስለማድር አንጎሌ አላረፈም።» ለሰው ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰውም ስለ ንቁ ሕልም ሲጠይቅ መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ሥጋት ነው፤ ሲሰሙት ያሳምናል። ነገር ግን ሬም ላይ አንጎል ሕልም መሆኑን ብናውቅም ባናውቅም ሥራ ላይ ነው። ይህ ክፍል በ1953 አሴሪንስኪና ክላይትማን በቺካጎ ካገኙት ጊዜ ጀምሮ የሚታወቀው በዚሁ ባሕርዩ ነው፦ አካል ተኝቶ የአንጎል ሞገድ ከነቃ ሰው ጋር ይቀራረባል። በአዋቂ ሰው ሌሊት ውስጥ የሬም ድርሻ ከ20 እስከ 25 በመቶ ነው። ንቁ የሚሆነው ደግሞ ከዚያም ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነው። ጥልቁ እንቅልፍ፣ ያ አካልን የሚጠግነው፣ በአብዛኛው ከዚያ ቀደም ብሎ አልቋል። የኔ ድካም ከነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የመጣ ከሆነ ልኩ አይገጥምም።

ይህን ያኔ አላሰብኩትም። ያሳሰበኝ የባለቤቴ ንግግር ነው። አንድ ጠዋት እንደ ልማዴ «ሕልሜ ሲያደክመኝ አደረ» ስላት «ሕልምህ መቼ ነው ያደረው?» አለችኝ። «ከ10 ሰዓት ጀምሮ ስትገለባበጥ ነው ያደርከው። እኔንም አላስተኛኸኝም።» ተናደድኩ። ግን ነገሩ ውስጤ ቀረ።

ያኔ ደብተሩ ላይ ሌላ ነገር መጻፍ ጀመርኩ። በየቀኑ ሦስት ምልክት ብቻ፦ ሌሊት አላርም ነበር ወይስ አልነበረም? ንቁ ሕልም መጣ ወይስ አልመጣም? ረፋዱ ላይ ሰውነቴ እንዴት ነው? የተወሰኑ ሳምንታት ሲጠራቀሙ ገጾቹን ጎን ለጎን ዘርግቼ አየሁ። አላርም ኖሮ ሕልሙ ያልመጣባቸው ሌሊቶች ከሁሉ የከፉት ነበሩ። አላርም ኖሮ ሕልሙም የመጣባቸው በጥቂቱ ብቻ ይሻላሉ። አላርም ሳይኖር ንቁ ሕልም በራሱ የመጣባቸው ጥቂት ሌሊቶች ግን፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ያደረበት ሁሉ፣ ከተራ ሌሊት አይለዩም ነበር። እንዲያውም ሁለቱ ላይ «በጣም ጥሩ» ብዬ ጽፌያለሁ። ገበያ ላይ ሌባው አምልጦ አጠገቡ የቆመውን ሰው ይዘው እንደሚደበድቡት፣ እኔም ሕልሙን ቦታው ላይ ስላገኘሁት ብቻ ነበር የከሰስኩት። የዕረፍቴ ሌባ የተቆረጠው እንቅልፍ ነው፣ ከሱም ጋር «አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል» እያልኩ ራሴን ስጠብቅ የማድረው ነገር።

በኋላ ሳነብ ይህ የኔ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። በ2018 የወጡ የሻዶውና የሽሬድል ጥናቶች ንቁ ሕልም የሚበዛላቸው ሰዎች የእንቅልፍ ጥራታቸው ዝቅ ያለ መስሎ እንደታየ፣ የቅዠት ብዛት ከስሌቱ ሲለይ ግን ግንኙነቱ እንደጠፋ ይናገራሉ። ሌሊቱን የሚያውከው ቅዠቱ ነበር ማለት ነው። በ2017 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ዴንሆልም አስፒ ያደረገው ጥናት ለኔ የበለጠ ቁልፍ ሆኖልኛል። የቀን መፈተሻን፣ ሌሊት መንቃትንና ማይልድን አንድ ላይ ለሳምንት የሞከሩት ሰዎች በ17 በመቶው ሙከራ ተሳክቶላቸዋል። ማይልዱን ጨርሰው በ5 ደቂቃ ውስጥ መልሰው የተኙት ግን ወደ 46 በመቶ ደረሰላቸው። በማይልድ የተሳካላቸውም በማግስቱ የባሰ የእንቅልፍ እጦት አላሳዩም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ቶሎ ተመልሶ የሚተኛ ሰው ሕልሙንም ዕረፍቱንም ያገኛል፤ እንደኔ ሰዓት ሙሉ አፍጥጦ የሚያድር ሁለቱንም ያጣል። እንቅልፍን ለሕልም መሥዋዕት ማድረግ ያስፈልጋል የሚለው እምነት ራሱ ትክክል አልነበረም።

ሁሉም ነገር የምሥራች ነው ማለቴ አይደለም። በዚያው በ2018 አቪራምና ሶፈር-ዱዴክ ባወጡት ጥናት ሆን ብለው ንቁ ሕልም ለማምጣት የሚሞክሩ ሰዎች ላይ በሁለት ወር ውስጥ ከራስና ከአካባቢ የመነጠል ዓይነት ስሜቶች ጨምረው ታይተዋል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም በክፉው ጊዜዬ ቀን በቀን መንገድ ላይ «ይሄ ግን እውነት ነው?» የሚል ስሜት ሳልጠራው ይመጣብኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ ስደጋግም፣ በዚያ ላይ እንቅልፍ ሲጎድለኝ፣ ምን ይገርማል? ራሱ የሚመጣ ሕልምና በግድ የሚጎተት ሕልም አንድ አይደሉም።

ለመመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉንም ማቆም ነው። አላርሙን ብቻ ባቆም ይበቃ መስሎኝ ነበር፤ አልበቃም። ሰውነቴ 10 ሰዓትን ለምዶት ያለ አላርም ይነቃል፣ ነቅቶም አይተኛም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ይሄ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። መድኃኒት አልሰጡኝም። ያሉኝ ሦስት ነገር ነው፦ የቱንም ያህል ብትተኛ ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ተነሳ፤ ሌሊት ነቅተህ 20 ደቂቃ ያህል ካልመጣልህ ከአልጋ ውረድና ደብዛዛ ብርሃን ላይ ተቀምጠህ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለስ፤ ሰዓት አትይ። የመጨረሻው በጣም ከበደኝ። ስልኩን ሌላ ክፍል ማሳደር ነበረብኝ። ደብተሩንም መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩት፣ ምክንያቱም ከራስጌዬ መኖሩ ብቻ «ሥራ አለህ» ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕልሜ ከወትሮው ደመቀ፣ ረዘመ። ይህ ቢገጥማችሁ አትደንግጡ። የጎደለ ሬም ሲመለስ እንደ ካሣ በዝቶ ይመለሳል። ቀስ በቀስ ግን የ10 ሰዓቱ መንቃት ወደ 11፣ ከዚያ ወደ ንጋት ተገፋ። አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ከተነሳች በኋላ እንኳ ተኝቼ ተገኘሁ።

እንደገና ስጀምር ሌሊቱን ሳልነካ ምን ማድረግ እችላለሁ ከሚለው ተነሳሁ። ቀን ላይ የአፍንጫ መፈተሻውን ቀነስኩት። በየሰዓቱ እንደ ማሽን ማድረጉ አይጠቅምም፤ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ የሚያስገርም ነገር ሲያጋጥም፣ ከልብ ተጠራጥሮ ማድረግ ይሻላል። ማታ ስተኛ የቅርብ ጊዜ ሕልሜን አንድ ትዕይንት አስታውሼ «እዚህ ጋ ብደርስ አውቀው ነበር» ብዬ በምናቤ እደግመዋለሁ፣ ከዚያ እተወዋለሁ። ሐሳቡ ካልተወኝ እንቅልፍ ይቀድማል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ ግን በተፈጥሮ የምነቃባቸውን ጊዜያት መጠቀም ነው። ማንኛውም ሰው በሌሊት ውስጥ ለአፍታ ለአፍታ ይነቃል፣ በተለይ ወደ ማለዳው። አብዛኞቻችን ጎን ቀይረን ስለምንተኛ አናስታውሰውም። እንዲህ ስትነቁ አትንቀሳቀሱ፣ ዓይናችሁንም አትግለጡ። የነበራችሁበትን ሕልም ከመጨረሻው ወደ ኋላ አስታውሱት፣ ያችን አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ሦስቴ በልባችሁ በሏት፣ ተኙ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ጽሑፍ የለም። የግድ መጻፍ ካለባችሁ «ኮሪደር፣ ቁጥር፣ አያቴ» የምትል ሦስት ቃል ትበቃለች፤ ጠዋት ቀሪው ተጎትቶ ይመጣል። አሁን ከሚመጡልኝ ንቁ ሕልሞች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። በአላርሙ ዘመን ከነበሩት ቁጥራቸው ያንሳል። ርዝመታቸው ግን ይበልጣል፣ ስነቃም አላዝንም።

አላርሙን ጨርሶ አልጣልኩትም። በማግስቱ ሥራ ከሌለ፣ ያውም ከሳምንት አንዴ ሳይበልጥ፣ ጠዋት እንደልቤ መተኛት ስችል ብቻ እሞላዋለሁ። ነቅቼ የምቆየው ውኃ ለመጠጣት የሚበቃ ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት የሚባለውን እርሱት። ማታ ደግሞ ቀደም ብዬ እተኛለሁ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2015 ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው፤ ይህ ደግሞ የተኛችሁበት እንጂ አልጋ ላይ የቆያችሁበት ሰዓት አይደለም። ልዩነቱን ያለፈው ዓመት አስተምሮኛል። ተመልሼ መተኛት ካቃተኝ «ዛሬ ቀረ» ብዬ ዓረፍተ ነገሩን አቆማለሁ። ይህን ማለት የማይችል ሰው ለሌሊት ዘዴ አልደረሰም ባይ ነኝ።

ስለ ኪኒኖች የሚጠይቁኝ አሉ። ጋላንታሚን የሚባለው መድኃኒት በ2018 በላበርዥና ባልደረቦቹ ጥናት 8 ሚሊግራም የወሰዱትን 42 በመቶ ንቁ ሕልም አሳይቷል፣ መድኃኒት በሌለበት ባዶ ኪኒን 14 በመቶ ሲሆን። ቁጥሩ ያጓጓል። ግን የአልዛይመር በሽታ መድኃኒት ነው፣ የማቅለሽለሽና እንቅልፍ የመንሳት ጠባይ አለው፣ ጥናቱም ሌሊት ነቅቶ መተኛትን የጨመረ ነው። እኔ አልነካሁትም፤ እናንተም ያለ ሐኪም አትንኩት። ከሰዓት በኋላ ቡና፣ ማታ አልኮል፣ ሁለቱም እንቅልፍን እንደሚያበላሹ ስለምታውቁ አልዘበዝባችሁም።

እንቅልፍ እምቢ የሚላችሁ፣ ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለባችሁ፣ ከእውነታ የመለየት ችግር አሳልፋችሁ የምታውቁ ካላችሁ ግን ሌሊትን የሚቆርጥ ዘዴ አትሞክሩ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። የምትፈልጉት ከተደጋጋሚ ቅዠት ለማምለጥ ከሆነም ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ፦ ቀን ላይ ቅዠቱን ጽፋችሁ መጨረሻውን እንደወደዳችሁ ትቀይሩታላችሁ፣ ከዚያ የተቀየረውን በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ በምናባችሁ ትደግሙታላችሁ። ባለሙያዎች ለቅዠት ሕክምና የሚጠቀሙበት ነው፤ ማንንም ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም። ቅዠቱ ከደረሰባችሁ ከባድ ነገር የመጣ ከሆነ ብቻችሁን አትጀምሩት።

ልትጀምሩ ከወሰናችሁ ከማንኛውም ዘዴ በፊት ሁለት ሳምንት ምንም ሳታደርጉ የእንቅልፋችሁን ሁኔታ ብቻ መዝግቡ። መነሻችሁን ካላወቃችሁ፣ በኋላ ድካም ሲመጣ ማንን እንደምትከሱ አታውቁም። ለዕረፍታችሁ የምትሰጡትን ነጥብ ደግሞ እንደነቃችሁ አትስጡ፤ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጥሩ የተኛ ሰውም ይፈዛል፣ በንቁ ሕልም የተደሰተ ሰው ደግሞ ሳያርፍ ያረፈ ይመስለዋል። እኔ የምጽፈው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ከአንድ እስከ አምስት አንድ ቁጥር ብቻ። ሦስት ቀን ተከታትሎ ከሁለት በታች ከሆነ ልምምዱ ለዚያ ሳምንት ይቆማል፣ ሕልሙ የቱንም ያህል ቢያምር።